የማይጠቅም ብዬ የፈረምኩባት ካቴና

የሞተር ብስክሌት ሞተር ውስጥ የትኛው ዕቃ ከመበላሸቱ በፊት መለወጥ እንዳለበት የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው። ከቱሊ ጉሌድ የሚመጣው የእንስሳት ሐኪም ይጠይቀኛል። ጅጅጋ ውስጥ በሞተር ዕቃ የሚያመላልሱት ይጠይቁኛል። አዲሱ የጤና ቢሯችን ኃላፊም በቀደም አስጠርቶ ጠየቀኝ። ሁሉም የሚፈልጉት ዝርዝር ነው፤ ይህ በሦስት ወር፣ ያ በዓመት የሚል፣ ታትሞ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ። እኔ ዝርዝር አልወድም። ድሮ እወድ ነበር። በእጄ ጽፌ፣ በማስመሪያ አስምሬ፣ ጋራዡ በር ላይ የለጠፍኩት ነበረኝ። ያ ዝርዝር አንድ ጓደኛዬን አዲጋላ ሜዳ ላይ ጥሎብኛል። ስለዚህ አሁን ሲጠይቁኝ መልሴ አጭር ነው፤ አስነሳትና ልስማት እላለሁ። ሰው ይስቃል። ይሳቅ።

ጓደኛዬ ክትባት ሰጪ ነበር። ቤተሰቡ እዚህ ጅጅጋ ነው፤ ሥራው ግን አዲጋላ፣ የድሮው የባቡር ጣቢያ ያለበት ከተማ። ከዚያ እየተነሳ፣ የክትባት ሳጥኑን ከኋላው አስሮ፣ መኪና በማይገባበት እየገባ የአርብቶ አደሩን ሕፃናት ይከትባል። እኔ የሞተሮቹ መካኒክ ነኝ። የቢሮው ጋራዥ ጅጅጋ ስለሆነ፣ በየሦስት ወሩ ለእረፍት ሲመጣ ሞተሩን ከድሬዳዋ አይሱዙ ላይ አስጭኖ ያመጣትና እኔ ዘንድ ትቷት እናቱ ቤት ይገባል። ሲመለስ ይወስዳታል። አሁን ከሞተ ሁለት ዓመት አልፎታል። የሆስፒታሉ ወረቀት በኩላሊት ሞተ ይላል። እኔ የምጽፈው ወረቀቱ የማይለውን ነው።

ሞተሯ የጃፓን ናት፣ ባለ አንድ ሲሊንደር፣ ቀለሟ አንድ ጊዜ ሰማያዊ የነበረ። እሱ “ሃሻ” ይላታል፤ በሶማሊኛ ሴቷ ግመል ማለት ነው። ስሙን ሲያወጣላት ስቄበት ነበር። “በዚያ አገር ውሃ ሳትጠይቅ የምትሄድ ሌላ ማን አለች?” አለኝ። እውነቱን ነው፤ ሞተሯ የምትቀዘቅዘው በአየር ነው።

ጆሮ ነበረው። አንድ ቀን ጋራዥ ቆሞ ሲያየኝ፣ የረጅሙን ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ አዳምጥ ነበር። እንዲህ ሲያደርጉ የሞተሩ ውስጥ ድምፅ በብረቱ ወጥቶ ጆሮ ውስጥ ይገባል። “ምን ትልሃለች?” አለኝ። “ራስህ ስማት” ብዬ ሰጠሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለራሱ አንድ ካቻቢቴ ገዛ፤ አዲጋላ በየማለዳው ሳይሰማት አይነሳም። አንዳንዴ ይደውልልኛል። “ወላል፣ ዛሬ ትንሽ ታንሾካሹካለች” ይላል። ወላል ወንድሜ ማለት ነው። ባልቦላዎቹ፣ ቤንዚን የሚያስገቡትና ጭስ የሚያስወጡት ክዳኖች፣ ላልተው ይሆናል እለዋለሁ። ሲያመጣት እከፍታለሁ፣ እውነትም ላልተው አገኛቸዋለሁ። ሰርተፊኬት ካላቸው ስንት መካኒኮች ይሻል ነበር። ይህን የምለው ስለሞተ አይደለም፤ በቁሙም ነግሬዋለሁ።

እኔ የጅጅጋ ልጅ ነኝ። አያቴ ወታደር ሆኖ መጥቶ እዚሁ ቀረ፤ እኛም እዚሁ ተወልደን እዚሁ ቀረን። ቢሮው ሳይቀጥረኝ በፊት የራሴ ጋራዥ ነበረኝ። ጋራዥ ይባል እንጂ አንድ ኮንቴይነርና ከፊቱ የተወጠረ ሸራ ነው። በ2010 ክረምት ከተማው ሲበጠበጥ ኮንቴይነሬ ተሰብሮ ተዘረፈ፤ የተረፈው ተቃጠለ። እኔን ከነሚስቴና ከነልጄ ያስጠጋን ይኸው ጓደኛዬ ነው። እናቱ ቤት፣ የኋለኛው ክፍል ውስጥ አስገብቶ፣ እሱ በርጩማ አውጥቶ የግቢው በር ላይ ተቀመጠ። ሰዎች ሲመጡ በሶማሊኛ “እዚህ እናቴና እኔ ብቻ ነን” ሲል በግድግዳው በኩል ይሰማኛል። አንዴ የመጡት ብዙ ነበሩ፤ ረጅም ተጨቃጨቁት። ከበርጩማው አልተነሳም። እናቱን ሆዮ እላታለሁ፤ በእነሱ ቋንቋ እናቴ ማለት ነው። ሆዮ ሩዝ አቅርባልን ልጄ በፍርሃት አልበላም ስትል፣ አቅፋ ጭኗ ላይ አስቀምጣ በእጇ አጎረሰቻት።

እንዲህ ያለ ውለታ በምን ይመለሳል? እኔ ያለኝ እጄ ብቻ ነው። ይህ ሰው በዚያ ሜዳ ላይ ብቻውን የሚነዳት ሞተር እንዳትጥለው ማድረግ እችላለሁ። ለራሴ የማልኩት ይህንን ነበር።

ከዚያ ክረምት በኋላ ግን እኔው ተለወጥኩ። ዓመት ሳይሞላ ገበያ መሐል የራሴን አሥራ ሰባት ቁጥር መፍቻ ተዘርግቶ ሲሸጥ አየሁት፤ እጀታው ላይ በመጋዝ ያወጣኋት ምልክት አለች። አነሳሁት፣ መልሼ አስቀመጥኩት፣ ሄድኩ። ሰውዬው ከማን እንደገዛው ማወቅ አልፈለግኩም። ድንጋጤው ከሰውነቴ አልወጣልኝም፤ ደህና የሆነ ነገር ሁሉ ነገ የሚፈርስ ይመስለኝ ጀመር። ሚስቴንና ልጄን ለጊዜው ብዬ ድሬዳዋ ወላጆቿ ዘንድ ሰደድኳቸው። ሚስቴ አውቶቡስ ላይ ሆና “አሁን እኮ ሰላም ነው፣ ምን መጣብን?” አለችኝ። ምንም አልመጣም ነበር። ለጊዜው ያልኩት ዓመታት ሆነ፤ ልጠይቃቸው ስሄድ ልጄ ተነስታ እንደ እንግዳ ነው የምትጨብጠኝ። ያልተሰበረ ቤት በገዛ እጄ አፈረስኩ። ይህ የገባኝ ግን ከረፈደ ነው።

የቢሮው ጋራዥ ሲቀጥረኝ ይህንኑ ፍርሃቴን ይዤ ገባሁ። እዚያ ግን ፍርሃት አይባልም፤ ቅድመ ጥገና ይባላል፣ ሰውም ይመሰገንበታል። ዝርዝሬን ያየ ሁሉ አደነቀኝ።

ከዝርዝሩ ውስጥ እውነት የነበረውን ልናገር። ዘይት ላይ ክርክር የለኝም፤ በጊዜው ይለወጥ፣ ማጣሪያውም አብሮ። የአየር ማጣሪያው አዲጋላ ባለበት በሲቲ ዞን አቧራ ከሁሉ ቀድሞ የሚታፈን ነውና ይታጠብ፣ ከሳሳ ይጣል። ላስቲክ የሆነ ሁሉ፣ የቤንዚኑ ቱቦም፣ ዘይት የሚያግዱት ጎሚኒዎችም፣ ሞተሩ ቆሞ ቢውል እንኳ ሙቀት ያደርቃቸዋል። እነዚህ ሳይሰነጠቁ መለወጥ አለባቸው፤ ምክንያቱም ሲሞቱ ድምፅ የላቸውም። ብረት ግን ሌላ ነው። ብረት ይናገራል። የፒስተኑ ፋሻ ሲያልቅ ጭሱ ይመጣል፣ ፍሪሲዮኑ ሲያልቅ ዳገት ላይ ያንሸራትታል፣ ኩሽኔታው ሲያልቅ ያጉረመርማል። ወራት አስቀድሞ ይነግርሃል። ጥሩ ብረት፣ ጥሩ ዘይት ውስጥ፣ ማንም ሳይነካው ከተቀመጠ ዕድሜው ረጅም ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚገድለው እኛ ስንከፍተው ነው።

ከብረቶቹ ሁሉ የምፈራት ውስጠኛዋን ካቴና ነበር። ጎማ የምታዞረውን፣ ከውጭ የምትታየውን ማለቴ አይደለም። ሞተሩ ሆድ ውስጥ ያለችውን ቀጭኗን ሰንሰለት ነው፤ ከታች የሚዞረውን ወደ ላይ አድርሳ ባልቦላዎቹን በሰዓታቸው የምታስከፍትና የምታስዘጋውን። እሷ ከተበጠሰች ባልቦላው ተከፍቶ ይቀርና ፒስተኑ ከሥር መጥቶ ይመታዋል። ያኔ ሞተሩ አበቃለት፤ መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ የሚጠገን አይደለም። እሷም ብትሆን ሳትናገር አትሞትም። ስትላላ ጠዋት ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ትንኳኳለች። ይህን እያወቅኩ በቀይ እስክሪብቶ ዝርዝሩ ላይ አስገባኋት፤ ብትናገርም ባትናገርም ትለወጥ ብዬ።

የ2014 ሰኔ መጣ። ዝናብ ጠፍቶ በሲቲ ዞን ከብት በየመንገዱ ዳር የወደቀበት ጊዜ ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሰኔ ምን እንደሆነ የሠራ ሰው ያውቀዋል። በሠላሳኛው ቀን በጀቱ ይዘጋል፤ ዓመቱን ሙሉ ለምነህ ያጣኸው ዕቃ በአንድ ሳምንት ይጎርፋል፣ ያልለመንከውም አብሮ ይመጣል። እኛ ዓመቱን ሙሉ የዘይት ማጣሪያ ስንለምን ኖረን ሰኔ ላይ ውስጠኛ ካቴናዎች ከነመወጠሪያቸው መጡልን። የያኔው ኃላፊ “ሰኔ ሳያልቅ ይገጠሙ፤ ኦዲት ሲመጣ አዲስ ዕቃ መጋዘን ተቀምጦ እንዳይገኝ” አለ። እኔን ማንም አላስገደደኝም። ዝርዝሩ የእኔው ነው፤ እንዲያውም ደስ አለኝ።

መጋዘናችን አንድ ደንብ አለው። አሮጌውን ዕቃ ሳትመልስ አዲሱ አይወጣልህም። የተመለሰው ላይ ካርቶን ይታሰራል፤ ካርቶኑ ላይ ከየትኛው ሞተር እንደወጣ፣ ለምን እንደተለወጠ ይጻፍና መካኒኩ ይፈርማል። ሌባን ለመከላከል የወጣ፣ ጥሩ ደንብ ነው። ግን ደህና ናት፣ ፈርቼ ነው የለወጥኳት የሚል ምክንያት አይቀበልም። ወይ ያለቀ፣ ወይ የማይጠቅም ማለት አለብህ።

ጓደኛዬ በዚያው ሳምንት ለእረፍት መጥቶ ሃሻን ትቶልኝ ነበር። ሲሰጠኝ “ደህና ናት፣ ዘይቷን ብቻ ለውጥላት” ነው ያለኝ። ከፈትኳት። ካቴናዋን አውጥቼ በቤንዚን አጠብኳትና ምስማር ላይ አንጠለጠልኳት። ለካኋት፤ አልረዘመችም። በጎኗ አጎበጥኳት፤ አልላላችም። ስንት ዓመት ሠርታ ጣት ላይ እንደ ሐብል ትፈሳለች። መልሼ ልገጥማት ዘይት ሁሉ ቀብቻት ነበር። ከዚያ ያ የማውቀው ነገር መጣብኝ። ደህና ነው ያልኩት ሁሉ በአንድ ክረምት ሲፈርስ አይቻለሁ። ነገ አዲጋላ ሜዳ ላይ ብትበጠስበትስ? ይህ እኮ በርጩማ አውጥቶ በር ላይ የተቀመጠልኝ ሰው ነው። ለእሱ አዲስ ይገባዋል አልኩ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ካርቶኑ ላይ “ያለቀ፣ የማይጠቅም” ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ።

መጋዘኑን የሚይዙት ጡረታ የቀረባቸው ሴት ናቸው፤ እትዬ እላቸዋለሁ። ካቴናዋን ወደ መስኮቱ አንስተው አዩአት።

“ይህቺ ናት ያለቀችው?” አሉኝ።

“አዎ፣ እትዬ።”

“እኔ ብረት አላውቅም፤ ፊርማ ነው የማውቀው” ብለው የዕቃ ማውጫውን ሞዴል ሃያ ሁለት ቆረጡልኝ።

የአዲሷ ሳጥን ያምራል፤ ጽሕፈቱም ማሸጊያውም ልክ የጃፓኑን ይመስላል። ጅጅጋ ያደገ መካኒክ ግን በሳጥን አይታለልም። እዚህ አገር ሳጥኑ ከዕቃው ተሽሎ የሚመጣበት ጊዜ ብዙ ስለሆነ፣ የእኛ ሰው አዲስ ኮፒ ከሚገዛ ከሌላ ሞተር የወለቀ አሮጌ ኦርጅናል ይመርጣል። እኔም ለደንበኞቼ ይህንኑ ስመክር ነው የኖርኩት። የአዲሷን ጠርዝ በአውራ ጣቴ ስዳብሰው ይቧጥጠኛል። ጥሩ ካቴና አይቧጥጥም። ስትሠራ ትለሰልሳለች ብዬ ራሴን ሸነገልኩና ገጠምኳት።

ጓደኛዬ ሊወስዳት ሲመጣ ኩራት ኩራት እያለኝ “ውስጧን ለውጬልሃለሁ፤ ከእንግዲህ ሐሳብ የለብህም” አልኩት።

“ምን ሆና ነበር?” አለኝ።

“አርጅታ” አልኩት።

አስነሳት። ካቻቢቴውን አውጥቶ ጆሮው ላይ አድርጎ ከወትሮው ረዘም ላለ ጊዜ ሰማት። ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ካቻቢቴውን ቦርሳው ውስጥ ከተተና “እሺ ወላል” ብሎ ይዟት ሄደ። ያን አስተያየት አይቼዋለሁ። የምስጋና መስሎኝ ነበር።

ሦስት ሳምንት አልሞላም። ከአዲጋላ ጤና ጣቢያ አንድ ነርስ ደወለችልኝ። ከትናንት ወዲያ ማለዳ ለክትባት ወጥቶ አልተመለሰም፣ አንተ ጋር ደውሎ እንደሆነ ብዬ ነው አለችኝ። ከሷ በፊት ያወቅኩት ይመስለኛል፤ ያ ጠርዝ አውራ ጣቴ ላይ መጣብኝ። የዚያኑ ቀን ተነስቼ ድሬዳዋ ስደርስ መገኘቱን ሰማሁ። ግመል የሚነዱ ሰዎች ናቸው ያገኙት፤ አንዲት ግራር ሥር፣ የክትባት ሳጥኑን አቅፎ።

የሆነውን በኋላ ከእሱው አፍ ነው የሰማሁት። የመጨረሻው ሰፈር ላይ ሕፃናቱን ከተበ። ውሃ የሚባል ነገር አልነበራቸውም፤ የያዘውን ጀሪካን ለእናቶቹ ገለበጠላቸው። ሃሻ በሰዓታት ውስጥ አዲጋላ ታደርሰኛለች ብሎ ነው። መሐል ሜዳ ላይ አንድ ጊዜ ጓ አለችና ቆመች። መርገጫውን ሲረግጠው ባዶ ሆነበት። ስልክ እዚያ አይሠራም። ሳጥኑን ትከሻው ላይ አድርጎ በእግሩ ተነሳ። ሳጥኑ ውስጥ ክትባቱን የሚያቀዘቅዙ፣ ውሃ የሞላባቸው አራት የበረዶ ፕላስቲኮች አሉ። የመጀመሪያውን ቀን ሙሉ አልነካቸውም፤ ክትባቱ ይበላሻል ብሎ። በሁለተኛው ቀን አንድ በአንድ ከፍቶ ጠጣቸው። በሕይወት ያገኙት ለዚህ ነው። እሱ ግን ይህን ሲያወራ የሰረቀ ሰው ይመስል አንገቱን ይደፋ ነበር።

ወዳመጡበት ድሬዳዋ ሆስፒታል ስገባ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ፣ ፊቱ ጠቁሮ ነበር። መጀመሪያ ያለኝ “ክትባቱ ተበላሸ” ነው። ቀጥሎ “ሃሻን አስመጣት፣ እዚያ አትተዋት” አለኝ። ምን ነካት ብሎ አልጠየቀኝም። ያኔ ልነግረው ይገባ ነበር። አፌን ከፍቼ የወጣልኝ ግን “አርጅታ ነው፣ ምን ይደረጋል” የሚል ነው። ሁለተኛ ዋሸሁት፤ አልጋው አጠገብ ቆሜ፣ እጁን ይዤ። ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ኩላሊቱ ክፉኛ ተጎድቷል አለኝ። እስከ ዛሬ ድረስ በራሴ አፍራለሁ።

ሃሻን በፒክአፕ አስመጣናት። ጋራዥ ውስጥ ከፈትኳት። አዲሷ ካቴና ሁለት ቦታ ተበጥሳለች፣ መወጠሪያዋ ጥርሱ ተበልቷል፣ ባልቦላዎቹ ተጣመዋል፣ ፒስተኑ ተበስቷል። መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ሰዎች ነበሩ፤ ግድ አልሰጠኝም። በማግሥቱ ዝርዝሩን ከበሩ ላይ ገንጥዬ፣ በዚያ ሰኔ አዲስ ካቴና የገጠምኩላቸውን ሞተሮች ፍለጋ ወጣሁ። አንዷ ቱሊ ጉሌድ ነበረች፣ አንዷ አፍደም። ሁለቱም በማለዳ ሲያስነሷቸው መንኳኳት ጀምረው ነበር። አፍደም ያለው ነጂ “አዲስ ስለሆነች መስሎኝ” አለኝ። አስቆምኳቸው፤ ሌላ ኦርጅናል እስኪገኝ ማንም አልነዳቸውም።

ጓደኛዬ ጅጅጋ ተመልሶ እናቱ ቤት ገባ። ከእንግዲህ የሜዳ ሥራ የለም ተባለ። እግሩ አበጠ፣ ጫማው እምቢ አለው። በየሳምንቱ እሄዳለሁ፤ ስለ ከተማ ወሬ፣ ስለ ንፋሱ እናወራለን። ስለ ሞተሯ አናወራም። ቢሮው ሃሻ ትወገድ አለ። እኔ ግን ጸናሁ። ከሌላ ከሞተች እህቷ ላይ ባልቦላና ፒስተን አገኘሁላት። የቀረችው ካቴናዋ ናት፤ እሷ ደግሞ ካርቶኗን እንደታሰረች መጋዘን አለች። እትዬ ዘንድ ሄድኩ።

“የማይጠቅም ዕቃ ወጪ አይደረግም” አሉኝ።

“ደህና ናት፣ እትዬ።”

ካርቶኑን ገልብጠው አሳዩኝ። “ይህ የማን እጅ ነው?”

“የእኔ ነው። ዋሽቼ ነው የፈረምኩት።”

መነጽራቸውን አውልቀው አስቀመጡ። ጓደኛዬን ያውቁታል፤ የሆነውንም ሰምተዋል። “እንግዲያው ጻፈው” አሉኝና ነጭ ወረቀት ገፋ አደረጉልኝ።

ጻፍኩት። ካቴናዋ ስትወጣ ደህና እንደነበረች እያወቅኩ የማይጠቅም ብዬ በሐሰት መፈረሜን፣ የገጠምኩት አዲስ ዕቃ ጥራት እንደሌለው በእጄ ዳስሼ ተጠራጥሬ እንደነበር፣ ሞተሯ ሜዳ ላይ የቆመችው በዚህ ምክንያት መሆኑን። በዕድሜዬ ከጻፍኩት ሁሉ ከባዱ እሱ ነው፤ ገጽ አይሞላም። ኃላፊው አነበበና የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠኝ፤ ካቴናዋ ትውጣ ብሎም ፈረመ። ከዚያ የባሰ ቅጣት ጠብቄ ነበር። ሳይመጣ ሲቀር ቅር አለኝ።

ሃሻ በአሮጌ ካቴናዋ ተነሳች። ታኅሣሥ ነው፣ የጅጅጋ ንፋስ አቧራውን የሚያነሳበት ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ። እየነዳሁ ሆዮ ቤት ወሰድኳት። ጓደኛዬ ያንኑ በርጩማ ግቢው ውስጥ አውጥቶ፣ ያበጡ እግሮቹን ፀሐይ ላይ ዘርግቶ ተቀምጧል። የደብዳቤውን ቅጂ ሰጠሁት። አማርኛ እንደኔው ይናገራል፤ ፊደል ላይ ግን ይዘገያልና “አንተው አንብብልኝ” ብሎ መለሰልኝ። ቆሜ አነበብኩለት። ጨረስኩ።

ግድግዳው ላይ ተንጠልጥላ ከነበረችው ቦርሳው ካቻቢቴውን እንዳቀብለው በእጁ አሳየኝ። አቀበልኩት። “አስነሳት” አለኝ። አስነሳኋት። ከበርጩማው ሳይነሳ ጎንበስ ብሎ ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አደረገ። ዓይኑን ጨፈነ።

“ይህቺ ናት የኔዋ” አለ። ከዚያ ሳያየኝ ቀጠለ። “ያን ቀን ጋራዥ ስሰማት ሌላ ድምፅ ነበራት። ኪች ኪች የሚል። አዲጋላም በየማለዳው እሰማው ነበር፣ እየባሰ ነው የሄደው።”

ሞተሯን አጠፋኋት። “ታዲያ ለምን አልነገርከኝም? ለምንስ ይዘሃት ወጣህ?”

“ከአንተ እጅ የወጣች ናታ” አለኝ። “ጆሮዬ ነው የተሳሳተው ብዬ።”

ሆዮ ሻይ ይዛልን ወጣች። አማርኛ አትሰማም። የሁለታችንንም ፊት አየችና በሶማሊኛ ማን ሞተ ብላ ጠየቀች። “ማንም አልሞተም፣ ሆዮ” አላት፤ ብርጭቆውን ተቀብሎ ለኔ አቀበለኝ።